ባንኮክ ላይ ግማሽ ቀን ካላችሁ ወንዙን ያዙ

(ለወጣት ተጓዦች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ)

እንደምን አመሻችሁ። በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ስለ ባንኮክ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። «ወደ ቻይና፣ ወደ ጓንጁ ሳልፍ ባንኮክ ላይ ትራንዚት አለኝ፣ ልውጣ ወይስ ኤርፖርት ጋደም ልበል?» ሌላው ቦርሳውን ጀርባው ላይ አዝሎ ወደ ቬትናም ወይ ወደ ካምቦዲያ እያለፈ ነው። አንድ ቀን አለው፣ ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል። ዝርዝሩን ደግሞ ስልኩ ላይ ይዞ ይመጣል፦ ቤተ መንግሥቱ፣ ሦስት ቤተ መቅደስ፣ ተንሳፋፊው ገበያ፣ የቅዳሜና እሁዱ ገበያ፣ ካኦ ሳን መንገድ፣ ማሳጅ፣ ማታ ሰገነት ላይ ወጥቶ ፎቶ። በአንድ ቀን! ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

የኔ መልስ አጭር ነው። በሁለቱ በረራዎች መሃል ያላችሁ ጊዜ ከሰባት ሰዓት በታች ከሆነ አትውጡ፣ እዚያው ሾርባችሁን ጠጥታችሁ ተኙ። ከዚያ በላይ ከሆነ ውጡ። ስትወጡ ግን አስፋልቱን ተዉትና ወንዙን ያዙ። ሌላው የምናገረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ለምን ወንዙን? ባንኮክን በታክሲ የሚጎበኝ ሰው የሚጎበኘው የፊተኛውን መኪና የፍሬን መብራት ነው። ከተማዋ ስትሠራ ለጀልባ ነው የተሠራችው። የድሮዋ ዋና ከተማ አዩታያ በ1767 በበርማ ጦር ተቃጥላ ወደመች። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ በኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።) ታክሲን የሚባል የጦር አለቃ የተረፈውን ሰው ሰብስቦ ወደ ባሕሩ ቀረብ አለና ከቻኦ ፕራያ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ ቶንቡሪ ላይ ነገሠ። በ1782 ደግሞ የዛሬው ሥርወ መንግሥት መሥራች ቀዳማዊ ራማ ወንዙን ተሻግሮ በምሥራቁ ዳር ቤተ መንግሥቱን አቆመ። እዚያ ጋ ወንዙ ጥምዝ ብሎ ይዞራል። በአንድ ወገን ወንዙ አጥር ሆነላቸው፣ በሌላው ወገን ቦይ ቆፈሩ፣ ከተማዋ ዙሪያዋን በውኃ ተከበበች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሰው የሚሄደው በጀልባ ነው፣ የሚሸጠው ጀልባ ላይ ነው፣ ብዙ ሰውም ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቤት ነበር የሚኖረው። ቻሮን ክሩንግ የሚባለው የመጀመሪያው ዘመናዊ መንገድ ያለቀው በ1864 ነው። እሱም ቢሆን የአውሮፓ ቆንስላዎች ማታ ማታ ፈረስ የምንጋልብበት መንገድ አጥተን ጤናችን ታወከ ብለው ንጉሡን ስለወተወቱ ነው። መኪና ሲመጣ ብዙዎቹን ቦዮች እየደፈኑ መንገድ አደረጓቸው። የዛሬው መጨናነቅ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃው የድሮ ቦታዬን ልቀቁልኝ እያለ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ዋና ዋናው ነገር ሁሉ ግን ፊቱን ወደ ወንዙ እንዳዞረ ቀርቷል። ቤተ መንግሥቱ፣ ትላልቆቹ ቤተ መቅደሶች፣ ኤምባሲዎች፣ አሮጌው የጉምሩክ ሕንፃ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁሉም። ከጀርባ በኩል በታክሲ የሚመጣ ሰው የቤቱን ጓሮ ነው የሚያየው።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚጥም ታሪክ ላስገባ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ቅኝ ያልተገዛችው ታይላንድ ብቻ ናት፣ ያኔ ሲያም ነበር ስሟ። አልተገዛችም ማለት ግን አልተነካችም ማለት አይደለም። በሐምሌ 1893 ሁለት የፈረንሳይ የጦር መርከቦች ወንዙ አፍ ላይ ፓክናም ከሚባለው ቦታ ካለው ምሽግ ጋር እየተታኮሱ ጥሰው ገቡና እዚሁ ባንኮክ መሃል፣ ከራሳቸው ሌጋሲዮን፣ የዛሬው ኤምባሲ ማለት ነው፣ ፊት ለፊት መልሕቅ ጣሉ። በዚያው ዓመት ሲያም ከሜኮንግ ወንዝ ማዶ ያለውን መሬት፣ የዛሬዋን ላኦስ አብዛኛውን ክፍል ማለት ነው፣ ለፈረንሳይ ፈርማ ለቀቀች። ዓመቱን በኛ ስትቆጥሩት 1885 ነው፣ አድዋ ሊደርስ ሦስት ዓመት ሲቀረው። የዚያን ጊዜ የሲያም ንጉሥ ቹላሎንግኮርንና አፄ ምኒልክ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ባቡር አስገብተዋል፣ ሁለቱም የፈረንጅ አማካሪ ቀጥረዋል፣ ሁለቱም እንግሊዝንና ፈረንሳይን እያፋጠጡ ለመኖር ሞክረዋል። አንደኛው ተዋግቶ አሸነፈ፣ ሌላኛው ዳር ዳሩን እየቆረሰ ሰጥቶ መሃሉን አዳነ። ማን ይሻላል የሚለውን ክርክር ለቡና ሰዓት እንተወውና፣ የፈረንሳይ ኤምባሲ ዛሬም እዚያው ወንዙ ዳር አለ፤ ጀልባ ላይ ሆናችሁ በቀኝ በኩል ታልፉታላችሁ። ያንን ታሪክ ይዞ ማለፍና ሳያውቁ ማለፍ አንድ አይደለም።

አሁን የመግቢያውን ነገር ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ አሰልቺ ነው ግን ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት እዚያው ስትደርሱ ቪዛ ይሰጣል፣ ለ15 ቀን ነው፣ 2,000 ባት ይከፈላል፣ ባት የአገሩ ገንዘብ ነው። የመመለሻ ትኬትና ለአንድ ሰው 10,000 ባት የሚያህል ገንዘብ አሳዩ ሊሏችሁ ይችላሉ። ይህ ዓይነቱ ደንብ ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት ሳምንቱን አረጋግጡ። ከ2025 ግንቦት ጀምሮ ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ቅጽ አለ። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ገጽ ካጋጠማችሁ የአጭበርባሪ ነው፣ ዝጉት። ከሁሉም በላይ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ወይም የስዊድን ፓስፖርት ይዛችሁ አዲስ አበባ ቤተሰብ ጋ ሰንብታችሁ የምታልፉም ብትሆኑ ያው ነው፣ የሚያዩት ከየት እንደመጣችሁ ነው።

ዶላር የምትይዙ ከሆነ ባለ መቶውን፣ አዲሱንና ያልታጠፈውን ያዙ፣ ምንዛሪው ይሻላል። ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ ካሉት አትመንዝሩ፣ ምድር ቤት ባቡሩ መግቢያ አካባቢ ያሉት የተሻለ ይሰጣሉ። ትልቁን ቦርሳ ኤርፖርቱ ውስጥ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ እዚያ ጣሉት። በዚያ ወበቅ አሥራ አምስት ኪሎ ተሸክሞ ቤተ መቅደስ የሚዞር ሰው አይቼ አዝኜለታለሁ።

ከዚያ ባቡር። ኤርፖርቱ ሱቫርናብሁሚ ይባላል፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የኤርፖርቱ ባቡር ፓያ ታይ እስከሚባለው የመጨረሻ ጣቢያ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም፣ ዋጋው 45 ባት ነው። ዶላሩ ከሠላሳ ባት ትንሽ ከፍ ይላልና አስሉት። ትኬቱ ወረቀት እንዳይመስላችሁ፣ የኮት ቁልፍ የምታክል ክብ ፕላስቲክ ናት። ስትገቡ ታስነኩታላችሁ፣ ስትወጡ በሩ ይውጠዋል። ፓያ ታይ ላይ ከመንገዱ በላይ በድልድይ ወደሚሄደው የሰማይ ባቡር ትቀይራላችሁ፣ ሲያም ጣቢያ ላይ መስመር ትለውጣላችሁ፣ ሳፋን ታክሲን ላይ ትወርዳላችሁ። ደረጃውን ስትወርዱ ጀልባ ማቆሚያው እግራችሁ ሥር ነው። ሳቶን ይባላል።

እዚህ ጋ ሁለት ዓይነት ጀልባ አለ። ትልቁና ምቹው የቱሪስት ጀልባ ነው፣ በድምፅ ማጉያ በእንግሊዝኛ ያወራል። ሌላው ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው የሕዝብ ጀልባ ነው፣ 16 ባት ገደማ። የሕዝቡን ያዙ። ተማሪ ነው፣ ነርስ ነው፣ መነኩሴ ነው የሚሳፈረው። ለመነኮሳቱ ከኋላ በኩል የተለየ መቆሚያ አላቸው፣ እዚያ እንዳትቆሙ።

የዚህ ጀልባ አሠራር ራሱ ትርዒት ነው። ካፒቴኑ ከፊት ተቀምጧል፣ የጀልባውን ጭራ አያይም። ጭራው ላይ አንድ ሰው ገመድ ይዞ፣ ፊሽካ አፉ ውስጥ አድርጎ ቆሟል። ማቆሚያው ሲደርስ በፊሽካ ነው የሚያወራው። ረጅም ፉጨት፣ አጭር አጭር ፉጨት፣ ቅርብ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በቃ። ሞተሩ ያገሳል፣ ጀልባው ጎኑን ይሰጣል፣ ሰውየው ዘሎ ገመዱን ብረቱ ላይ ያጠልቃል፣ ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይገባል፣ ፊሽካው ይጮኻል፣ ሄደ። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የሜክሲኮ ታክሲ ረዳት ውኃ ላይ ቢሠራ እንዲህ ነበር የሚሆነው። ትኬት ቆራጯ ደግሞ ረጅም የብረት ቱቦ ይዛለች፣ ሳንቲም ውስጡ አለ፣ ሻክ ሻክ እያደረገች በሰዉ መሃል ትመጣለች። ቱቦውን ከፈት አድርጋ ሳንቲም ትሰጣችኋለች፣ በቱቦው ከንፈር ትኬቷን ትቀድዳለች። መቶም ሁለት መቶም ሰው ቢኖር ያልከፈለውን ታውቀዋለች። እንዴት እንደምታውቅ እንጃ።

በቀኝ በኩል አሮጌው ኦሪየንታል ሆቴል አለ፣ ከ1876 ጀምሮ ያለ ነው። እዚያው ሠፈር የፈረንሳይ ኤምባሲ፣ ትንሽ ፈንጠር ብሎ የፖርቱጋል ኤምባሲ፣ እሱ ከ1820 ጀምሮ እዚያው ነው። መሃሉ ላይ ሃሩን መስጊድ የሚባል የሙስሊሞች ሠፈር አለ፤ ሙስሊም ከሆናችሁ ሀላል ምግብ እዚያ አታጡም። ትንሽ ሄድ ሲል በግራ በኩል የሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ ይላል፣ ፖርቱጋሎች የሠፈሩበት አካባቢ ነው። ታ ቲየን የሚባለው ማቆሚያ ላይ ውረዱ።

አሁን የማይስማማችሁ ነገር ልናገር። ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ ታላቁን ቤተ መንግሥት እለፉት። አዎ፣ አውቃለሁ፣ ሁሉም ሰው የሚሄደው እዚያ ነው። ውበቱንም አልክድም፤ በዚያ ግቢ ያለው የመረግድ ቡድሃ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ከአረንጓዴ ድንጋይ የተቀረጸ ምስል ነው፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ወቅት ሲለዋወጥ ንጉሡ በእጁ ልብሱን ይቀይርለታል። ግን ለውጭ ሰው 500 ባት ነው፣ ከጠዋቱ 2፡30 ከፍቶ 9፡30 ላይ መግቢያው ይዘጋል። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስታችሁ ቀትር ላይ ከደረሳችሁ አትደርሱበትም፣ ብትደርሱም ከሺህ ሰው ጋር እየተገፋችሁ ነው። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ጠዋት በሩ ሲከፈት ይግባ። ሌላው ዋት ፖ ይሂድ፣ ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው። አጠገቡ ነው፣ ዋጋው ያነሰ ነው፣ እስከ ማታ 12 ሰዓት አይዘጋም።

ዋት ፖ ውስጥ የተጋደመው ቡድሃ አለ። 46 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሜትር ቁመት። ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም አዳራሹ ለሱ ልክ ነው የተሠራው፣ ወደ ኋላ ርቃችሁ ሙሉውን የምታዩበት ቦታ የለም። በምሰሶዎቹ መሃል ፊቱን ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ክርኑን፣ ቀጥሎ ወርቅ ብቻ፣ ወርቅ፣ ወርቅ፣ መጨረሻ ላይ እግሮቹን። ሰዉ ሁሉ ፊቱ ጋ ተጨናንቆ ፎቶ ይነሳል። እናንተ እግሩ ጋ ቆዩ። ውስጥ እግሩ ጥቁር ነው፣ በላዩ ላይ በዕንቁ እናት፣ ማለት በዛጎል ውስጠኛ ቅርፊት፣ 108 ምልክቶች ተለብጠውበታል፤ ዝሆን፣ አበባ፣ ነብር፣ ቤተ መንግሥት። መብራቱን ይዞ አረንጓዴም ሐምራዊም ይሆናል።

በጀርባው በኩል ስትዞሩ 108 የነሐስ ሳህኖች በግድግዳው ርዝመት ተደርድረዋል። መግቢያው ላይ በሃያ ባት አንድ እፍኝ ትናንሽ ሳንቲም ይሰጧችኋል፣ በየሳህኑ አንድ አንድ እየጣላችሁ ታልፋላችሁ። ድምፁ አዳራሹን ሞልቶታል፣ ጭንን ጭንን። የማታምኑበትን አታድርጉ፣ ማንም አያስገድዳችሁም፣ ቆሞ መስማትም ይቻላል። ይኸው ግቢ የታይ ማሳጅ ትምህርት ቤት ያለበት ነው። ማሳጁን ዩኔስኮ በ2019 ከማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ከዘጠኝ ሰዓት በረራ በኋላ ላበጠ እግር፣ እኔ ብሆን እራቴን እተዋለሁ እንጂ እሱን አልተውም።

ስለ አለባበስ ሴቶች እህቶቼ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እኛ አገር ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱበትን አስቡ፣ እዚያም ጫማ ማውለቅ አለ፣ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለ፣ ለወንዱም ጭምር። ነጠላ ጣል ማድረግ ለብዙው ቤተ መቅደስ ይበቃል፣ ለቤተ መንግሥቱ ግን እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፣ በሻርፕ የተሸፈነ ትከሻ ሊመልሱባችሁ ይችላሉ። ሲቀመጡ እግርን ወደ ምስሉ መዘርጋት ነውር ነው። የሰው ራስ፣ የልጅም ቢሆን፣ አይነካም፤ እኛ ልጅ ስናይ ጭንቅላቱን መዳበስ ይቀናናል፣ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ። ሴት ልጅ መነኩሴን መንካት የለባትም። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያና መናፈሻ ውስጥ ብሔራዊ መዝሙር ይዘፈናል፣ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አብራችሁ ቁሙ። ስለ ንጉሡ ቤተሰብ ደግሞ ቀልድም አስተያየትም የለም፣ ሕጉ ከሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሳስራል።

ከዋት ፖ ስትወጡ በር ላይ፣ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ ደግሞ ይብሳል፣ ሸሚዙን አስገብቶ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ጨዋ የሚመስል ሰው ይመጣል። ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል። «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ተዘግቷል፣ በዓል ነው» ይላል። ያሳዝናል ይላል። ግን ዛሬ ብቻ የሚከፈት ሌላ ቤተ መቅደስ አለ፣ እድለኞች ናችሁ። ወዲያው ባጃጅ ይቆማል፣ ቱክቱክ የሚሉት ነው፣ ለሦስት ቦታ ሃያ ባት ብቻ። ቤተ መቅደሱን ታያላችሁ። ከዚያ ልብስ ሰፊ ጋ፣ ከዚያ የከበረ ድንጋይ ሱቅ። ድንጋዩ አገራችሁ ስትገቡ እጥፍ ይሸጣል ይሏችኋል። አይሸጥም። ባለ ባጃጁ ከሱቁ ኮሚሽን አለው፣ ሃያ ባቱ ለወጉ ያህል ነው። ይህ ሸወዳ ዕድሜው ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል፣ ዛሬም ይሠራል፣ ምክንያቱም ሰውየው አይለምንም፣ አይጎትትም፣ ይረዳችኋል። እኛ ደግሞ በትሕትና ለሚያናግር ሰው ጀርባ መስጠት ይከብደናል። ፈገግ ብላችሁ፣ ነቄ ብላችሁ፣ እግራችሁን ሳታቆሙ እለፉ። መዘጋቱን የሚነግራችሁ የትኬት መስኮቱ ብቻ ነው።

ከታ ቲየን ፊት ለፊት፣ ወንዙ ማዶ፣ ዋት አሩን ነው። መሻገሪያ ጀልባው ጥቂት ሳንቲም ነው የሚያስከፍለው። ማማው ከሰባ ሜትር በላይ ነው። ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል፣ ሲቀርቡት የተሰበረ ሳህን ነው። እውነቴን ነው። ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ለሚዛን ሲሉ የጫኑት ሸክላ ነበር፣ ስባሪውን ለቅመው አበባ አደረጉት፤ የሳህን ጠርዝ፣ የሲኒ ቂጥ፣ ቀረብ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ሰሞኑን ግቢው በኪራይ የታይ ልብስ ለብሰው ፎቶ በሚነሱ ወጣቶች ተሞልቷል። መንገዳችሁን ይዘጋሉ፣ ግን ያምራሉ።

ማታ ምን እንብላ? ወንዙን ተሻግራችሁ ተመለሱና ሳናም ቻይ ከሚባለው ጣቢያ የምድር ውስጥ ባቡሩን ያዙ። የጣቢያው ውስጥ ራሱ እንደ ዙፋን አዳራሽ ነው ያስጌጡት። ሁለተኛው ማቆሚያ ዋት ማንግኮን ነው፣ ስትወጡ ያዎራት መንገድ፣ ቻይናታውን። ቻይናዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ቤተ መንግሥቱ በተሠራበት ቦታ ላይ ነው፣ በ1782 ተነሱ ተብለው ወደዚህ ተዛወሩ። የከተማ ልማት ተነሺ ማለት ነው፣ ታሪኩ አዲስ አይደለም። ዛሬ ምሽቱን መንገዱ ሙሉ ምጣድና ጭስ ነው።

እዚያው ጫፍ ላይ ዋት ትራይሚት አለ፣ ቀን ከደረሳችሁ እዩት። አምስት ተኩል ቶን የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ለረጅም ዘመን ሰው የሚያውቀው የኖራ ምስል መሆኑን ነው። በ1955 ወደ አዲስ ቦታ ሊያነሱት ሲሉ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ፣ ኖራው ተሰነጠቀ፣ ከውስጥ ወርቅ አበራ። ድሮ ከበርማ ጦር ለመደበቅ የተለሰነ ነው ተብሎ ይታመናል። የደበቁት ሰዎች ምስጢሩን ለማን እንደነገሩ፣ ወይም ለማንም እንዳልነገሩ፣ እዚያ ቆሜ ሁሌ የማስበው እሱን ነው።

ወደ ምግቡ። በጾም ወቅት ለምትሄዱ ይህንን ጻፉት። ታይላንድ ውስጥ አትክልት ብቻ ነው ብላችሁ ያዘዛችሁት ምግብ ውስጥ የዓሣ መረቅ፣ የሽሪምፕ ሊጥ ወይም የኦይስተር ሶስ አለበት። የዓሣ መረቅ ይገድፋል አይገድፍም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ። መፍትሔው ግን አለ። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ፣ ሲያዩት 17 የሚመስል ጽሑፍ ፈልጉ። «ጄ» ብለው ነው የሚያነቡት። የቻይና ቡድሂስቶች ጾም ነው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም የለም፣ እንዲያውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለም። እኛን በለጡን። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት አካባቢ ዘጠኝ ቀን የሚቆይ በዓል አላቸው፣ ያኔ ያዎራት ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ነው። በሌላው ጊዜ ግን ባንዲራው በየመንገዱ ተበታትኖ ይገኛል። ጾም ላይ ካልሆናችሁ ደግሞ ምን እመክራችኋለሁ፣ ሰው የተሰለፈበት ምጣድ ጋ ተሰለፉ።

ካኦ ሳን መንገድን አልጠቀስክም ያለኝ ወንድም አለ። ሆን ብዬ ነው። አራት መቶ ሜትር የምትሆን መንገድ ናት፣ ድሮ የሩዝ መሸጫ ነበረች፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቦርሳ አዛዩ ፈረንጅ ሁሉ የሚያድርባት ሆነች። ርካሽ አልጋ ለሚፈልግ ጥሩ ነው። ለማየት ግን እንደኔ የሩቅ አገር ሰው የሩቅ አገር ሰውን የሚያይበት ቦታ ነው። ጫጫታ ለሚወድ ምሽቱ ፈታ ያደርጋል፣ በረራ ለሚጠብቅ ግን አይሆንም።

ለንግድ የምትሄዱ፣ ፕራቱናም ገበያ የምትገቡ እህቶች፣ እናንተ ከኔ በላይ ከተማዋን ታውቃላችሁ፣ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ልብሱን አስራችሁ ካርጎ ከሰጣችሁ በኋላ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ገበያው አጠገብ የሳን ሳብ ቦይ ጀልባ አለ። ቦዩ ከ1837 ጀምሮ የተቆፈረ ነው፣ ጦር ወደ ምሥራቅ ለማጓጓዝ። ጀልባው ሲሮጥ ውኃ እንዳይረጫችሁ ተሳፋሪው ራሱ ገመድ ስቦ የፕላስቲክ መጋረጃውን ያነሳል፤ ዳር ከተቀመጣችሁ ሥራው የእናንተ ነው። ውኃው ይሸታል፣ አልዋሽም። ወደ አሮጌው ከተማ በኩል ይወስዳችኋል፣ እዚያ ወርቃማው ኮረብታ የሚሉት ዋት ሳኬት አለ፣ ሦስት መቶ አርባ አራት ደረጃ ነው፣ ላይ ሲወጡ አሮጌው ከተማ ሙሉውን ይታያል።

አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አውጥተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እኔ ቦርሳ የምሸከም አይደለሁም፣ ባለቤቴን ለሕክምና ይዤ ነው የምሄደው፣ እሳቸው ሲተኙ ምን ልይ?» አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው፣ ከኛ አገር ወደ ባንኮክ ለሕክምና የሚሄደው ጥቂት አይደለም። እማማ፣ ሆስፒታሉ ሱኩምቪት አካባቢ ከሆነ ናና ከሚባለው ጣቢያ የሰማይ ባቡሩን ይያዙ፣ አሳንሰር ያለውን በር ይጠይቁ። ሲያም ላይ ቀይረው ሳፋን ታክሲን ይውረዱ። የሕዝቡን ጀልባ ግን ለእርስዎ አልመክርም፣ ዘሎ መግባት አለበት። የቱሪስቱን ይያዙ፣ ረጋ ብሎ ይቆማል። ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅብዎትም፣ ባለቤትዎ ሳይነቁ ይመለሳሉ። እግዜር ይማርልዎት።

ሌላ ሰው ስለ ሰዓት ጠየቀ። ባንኮክ ከእኛ አራት ሰዓት ይቀድማል። ስልካችሁ ራሱ ያስተካክላል፣ ጭንቅላታችሁ ግን አያስተካክልም። ደስ የሚለው፣ ታይላንዶች እርስ በርሳቸው በቃል ሲነጋገሩ ምሽቱን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ነው፣ ቀጥሎ ሁለት፣ እስከ አምስት። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው የምንለያየው። ወረቀት ላይ ግን 24 ሰዓቱን ነው የሚጠቀሙት። ዓመታቸው ደግሞ ከፈረንጁ 543 ይቀድማል፣ 2025 እነሱ ጋ 2568 ነበር። ደረሰኝ ላይ 2500 ምናምን ስታዩ አትደንግጡ። እኛና እነሱ ተቀምጠን ብንቆጣጠር ልዩነታችን ከአምስት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ መመለሻው። ከዋት ማንግኮን በምድር ውስጥ ባቡሩ ፔቻቡሪ ትደርሳላችሁ፣ በእግረኛ መሻገሪያው ማካሳን ናችሁ፣ የኤርፖርቱ ባቡር እዚያ ያልፋል። እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሚቆም በረራችሁ ከዚያ በኋላ ቢሆንም ቀድማችሁ ሂዱ። ባቡሩ ካለፋችሁ ታክሲ ነው፣ ሜትሩ ከ35 ባት ይጀምራል፣ ፈጣን መንገድ ከያዘ ክፍያው የእናንተ ነው። ሜትር አልከፍትም የሚል ሹፌር ካጋጠማችሁ በሩን ዝጉና ቀጣዩን አስቁሙ፣ ወይም በአፕ ጥሩ። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ግን፣ በተለይ ዝናብ ከጣለ፣ በረራ ያለው ሰው ታክሲ ውስጥ አይቀመጥ። ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው የሚጥለው፣ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ዶፍ አድርጎ ያቆማል። ጃንጥላ ከአዲስ አበባ አትሸከሙ፣ በየማዕዘኑ ያለው ሱቅ ውስጥ አለ።